የክንዴ ልጅ ታማለች

ደባርቅ ውስጥ ድረ ገጽ ማሠራት ያማረው ሰው ሁሉ አንድ ቀን የእነ ሰይፈ ሥላሴን ደረጃ መውጣቱ አይቀርም። ቢሮው ከጎንደር በሚመጣው አስፋልት ዳር፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በሩ ላይ «ጅባራ የድረ ገጽ ሥራና የማማከር አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ አለ። ስሙን ከተራራው ተክል ወስዶ ያወጣው ድረስ የሚባለው ባልደረባው ነው፤ ፊደሉን በእጁ ጽፎ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው ግን ሰይፈ ሥላሴ ራሱ ነው። የመሪጌታ ልጅ ነውና ጽሕፈቱ ከሰው ይለያል።

ሰይፈ ሥላሴ ተወልዶ ያደገው ዳባት ነው። አባቱ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ለአርባ ዓመት አቋቋም ያስተማሩ፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር ተማሪ የሚመጣላቸው ሰው ናቸው። ልጃቸውንም ለዚያው ወንበር አስበውት ነበር። እሱም እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ከተማሪዎቹ ጋር እየዋለ ጾመ ድጓውን ዘልቆታል። ድምፁ ግን እምቢ አለው። ዜማው ጭንቅላቱ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ሳለ ከጉሮሮው ሲወጣ ይሰነጠቃል። ከእሱ በኋላ የመጡ ልጆች እያለፉት ሄዱ። አባቱ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩትም። እሱ ግን ከኋላ የመጣ ሰው ሲቀድም ምን ምን እንደሚል ያኔ ቀመሰው፤ ወደ ቀለም ትምህርት ቤት የሸሸውም ይህንን እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

ጎንደር ሄዶ ኮምፒዩተር ተማረና ዲፕሎማውን ይዞ ደባርቅ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሥራው የተጣበቀ ወረቀት ከፕሪንተር ሆድ ማውጣት ነበር። ድረ ገጽ መሥራት ማንም አላስተማረውም። ሰው ምሳ ሲወጣ እሱ ቀርቶ፣ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር አንድ አንድ ገጽ እያወረደ፣ ያወረደውን እያነበበ፣ ሲበላሽበት እያፈረሰ በአራት ዓመት ለመደው። ከዚያ አንድ አስጎብኚ መጣ፤ ድረስ ነበር። ድረስ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ የሚያንቆረቁር፣ ከማንም ጋር በአምስት ደቂቃ የሚወዳጅ ሰው ነው። ለራሱ አንዲት ገጽ አሠራ፤ በወሩ በእሷ ብቻ ስድስት እንግዳ መጣለት። «በል ሥራህን ልቀቅ» አለው። «እጁ አንተ ነህ፣ አፉ እኔ ነኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረን?»

በ2006 ዓ.ም. ጅባራ ተከፈተ። አራት ዓመት ሙሉ ከደባርቅ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰይፈ ሥላሴ ብቻ ነበር። ሻይ ቤት ሲገባ «ባለ ዌብሳይቱ መጣ» ይባላል። የሆቴል ባለቤት ቦታ ይለቅለታል። ይህ እንዴት እንደሚጥመው ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለራሱም ቢሆን።

ዘቢደር የመጣችው በ2010 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። የክንዴ ልጅ ናት። ክንዴ ሃያ ዓመት ሙሉ ከደባርቅ ፓርኩ ውስጥ እስካለው የእንግዶች ሰፈር፣ እስከ ሳንቃ በር፣ የእንግዳ ዕቃ በበቅሎ ሲያመላልስ የኖረ፣ ቤቱም እዚያው ከሳንቃ በር ወረድ ብሎ የሚገኝ ሰው ነው። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቃለች። ማስረጃዋን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ፣ በር ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ያለ ደመወዝም ቢሆን እሠራለሁ፤ ብቻ ያስተምሩኝ» አለችው።

ደስ አለው። ደመወዝም ቆረጠላት። አባቱ ባስተማሩት ወግ አስተማራት፦ በመጀመሪያ ታነባለች፣ ከዚያ በቃሏ ትላለች፣ ከዚያ ትጽፋለች። «የተመረቅሽውን እርሺውና ከሀ ጀምሪ» ሲላት አልከፋትም። ስትሳሳት ጣቱን ስክሪኑ ላይ ያሳርፋል፤ እሷም አቀርቅራ ታርማለች። ለድረስ ሳይቀር «ይቺን ልጅ ሰው አደርጋታለሁ» ብሎ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በበቅሎ አከራዮቹ ማኅበር ሥራ ላይ ነው።

ማኅበሩ እንግዶች በቅሎ በቅድሚያ የሚይዙበት፣ የአባላቱም ተራ የማይዛባበት ድረ ገጽ እንዲሠራለት ጠየቀ። ሰይፈ ሥላሴ ሦስት ሳምንት ለፋበት። የገደሉን፣ የዋልያውን፣ የጭጋጉን ትልልቅ ፎቶ ደረደረበት፤ ቢሮ ውስጥ ሲከፈት ዓይን ያሳርፋል። በተመረቀ በማግስቱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ያርጋል ከሳንቃ በር ደወሉ። ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ ወጥተው ነበር።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል፣ እንደ ወፍጮ። ዱቄት ግን የለውም።»

«ኔትወርኩ ነው፣ አቶ ያርጋል» አላቸው።

«እሱማ ኔትወርኩ ይሆናል። የምንኖረው ግን ኔትወርኩ ጋ ነው።»

ስልኩን ሲዘጋ ዘቢደር ቀና ብላ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልሞክር?» አለችው። እሱ ሌላ ሥራ ላይ ነበርና እጁን አወዛወዘላት፤ ሞክሪ እንደማለት።

በሁለት ቀን ጨረሰችው። ፎቶዎቹን ከአንዱ በቀር ሁሉንም አወጣቻቸው። ገጹ ቀልሎ በየትኛውም ስልክ፣ በየትኛውም ጉብታ ላይ የሚከፈት ሆነ። ተራው ደግሞ ለእያንዳንዱ አባል በአጭር መልእክት እንዲደርሰው አደረገች፦ «ነገ ተራዎ ነው፤ ሁለት በቅሎ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ቡይት ራስ።» ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የበቅሎ አከራዮቹን ያስደነቀ ሌላ ነገር አስገብታለች። በእነሱ ወግ ለቅሶ የደረሰበት ሰው ተራው አያልፍበትም፤ እስኪመለስ ይጠበቅለታል። ይህን በወረቀት ጽፎ የሰጣቸው ማንም አልነበረም። እሷ ግን ከአባቷ ቤት ታውቀው ነበርና ለቅሶ ላይ ያለን ሰው ተራ የምታቆይ አንዲት ምልክት ሠርታ አኖረችበት።

አቶ ያርጋል በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ብድግ አሉ። «ሰማችሁ ወይ፣ የክንዴ ልጅ እጇ ይባረክ! እኛ ለሠላሳ ዓመት የተጣላንበትን በሁለት ቀን ገላገለችን!» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሰይፈ ሥላሴም አጨበጨበ። መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ። ያ በልጅነቱ የቀመሰው ነገር ግን ተመልሶ መጣ።

ቅናት ሲጀምር ራሱን ሥራ አስመስሎ ነው የሚገባው። ሰይፈ ሥላሴ በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድሞ ቢሮ እየገባ ዘቢደር የጻፈችውን መስመር በመስመር ማንበብ ጀመረ። ጥራቱን ልቆጣጠር ብሎ ነው፤ ለራሱ እንደዚያ ይላል። የሚፈልገው ግን ስህተት ነበር። ሲያጣ ቀኑ ይጨልምበታል። አንድ ቀን አንዲት የተረሳች ነጠላ ሰረዝ አግኝቶ እስከ ምሳ ሲያፏጭ አረፈደ። ድረስ በቀን ስንት ጊዜ ስሟን እንደሚያነሳ ይቆጥራል። ደንበኛ ደውሎ «ያቺ ልጅ አለች?» ሲል «ሥራ ላይ ናት» ይላል፤ እሷ ከፊቱ ተቀምጣ ሳለ። ከባድ ከባዱን ሥራ ወደ ራሱ ሰብስቦ ለእሷ የሆቴል ክፍል ፎቶ እየቆረጠች እንድታስገባ ሰጣት። ያንንም ሥራ ያለ ማጉረምረም ሠራችው። ይህ ይበልጥ አበሳጨው። ብታጉረመርም ኖሮ ቢያንስ «ጥጋበኛ» ይላት ነበር።

ቤቱም ገብቶ ወሬው እሷ ናት። ሚስቱ የሺወርቅ ትምህርት ቤት ስታስተምር ውላ የተማሪ ደብተር እያረመች ትሰማዋለች፤ አንድ ምሽት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይቺ ዘቢደር የምትሏት ልጅ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቆንጆ ናት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ዛሬ ብቻ ስሟን አሥራ አንድ ጊዜ ጠራኸው፤ ቆጥሬያለሁ።»

ሳቅ አመለጠው። የሺወርቅ አልሳቀችም። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። እሱም እውነቱን ሊነግራት አልቻለም፤ ወዷታል መባል ይሻለዋልና፣ በተማሪው ቀንቷል ከመባል።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። በየተራራው ሎጅ ያለው አንድ ድርጅት ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ የበቅሎ አከራዮቹን ገጽ አይታዋለች፤ ኔትወርክ በሌለበት ለሚገኙት ሎጆቿ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ትፈልጋለች። «ያንን የሠራውን ሰው አግኝቼ ማማከር እፈልጋለሁ። ኀሙስ ደባርቅ እመጣለሁ» አለች። ስልኩን ያነሳው ሰይፈ ሥላሴ ነበር። «ይምጡ፤ እንጠብቅዎታለን» አላት። ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይናገር ዘጋው።

ረቡዕ ማታ ወደ ቤት ሲሄድ አሰበበት። ድረስ ኀሙስ ጠዋት እንግዳዋን ሊቀበል ጎንደር አየር ማረፊያ ሄዷል። ዘቢደር ቦርሳዋን ገና ሳታስቀምጥ «ዳባት ሂጂ» አላት። «ያ የእህል ነጋዴ ኮምፒዩተሬ አልነሳ አለኝ ብሏል። እዚያው ዋዪና ጨርሰሽ ነይ።» ስለ እንግዳዋ መምጣት አታውቅም። «እሺ፣ ጋሼ» ብላ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ከድረስ ጋር ገባች። አቶ ያርጋልም ምስክር ሊሆኑ ተጠርተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ሰይፈ ሥላሴ ገጹን በግድግዳው ላይ አብርቶ ማስረዳት ጀመረ። «እንዲህ አደረግን» ሲል ቆይቶ «እንዲህ አደረግሁ» ወደ ማለት ተሻገረ። ምላሱ ሲለምደው ቀለለው። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ማስታወሻ እየያዘች ትሰማለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ተራው የደረሰው ሰው ባይገኝስ?»

«ለቀጣዩ ያልፋላ» አለ ቶሎ ብሎ።

አቶ ያርጋል ከወንበራቸው ተነሱ። «ምን ማለትህ ነው? አያልፍም! ሰውየው ለቅሶ ላይ ቢሆንስ? ይጠበቅለታል እንጂ! ይህንን እኮ ያስገባችው የክንዴ ልጅ ናት፤ እሷን ጠይቋት!» ዞር ዞር አሉ። «የት ሄደች?»

ድረስም ዞሮ አየው። ወይዘሮ ኤልሳቤጥም እስክሪብቶዋን አቁማ አየችው። ዳባት ልኬአታለሁ ቢል «ዛሬን ቀን?» መባሉ ነው። ያኔ ነው አፉ ራሱን ያዳነው።

«ታማለች» አለ።

«ውይ፣ እግዚአብሔር ይማራት» አሉ ሁሉም።

በሌላ አገር ቢሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ደባርቅ ላይ ግን ታመመ የተባለ ሰው ይጠየቃል። አቶ ያርጋል ከስብሰባው እንደወጡ ለሚስታቸው ነገሩ። ሚስታቸው አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ዘቢደር ወደተከራየችው ቤት ሄዱ፤ በሩ ተቆልፏል። ቢያንኳኩ መልስ የለም። «ሐኪም ቤት ወስደዋት ይሆናል» አለ ጎረቤት፣ ያላየውን። አቶ ያርጋል ይህን ሲሰሙ ሳንቃ በር ወዳሉት ስካውቶች፣ ወደ ፓርኩ ጠባቂዎች፣ ደወሉ፦ «ለክንዴ ንገሩት፤ ልጁ ታማለች፤ ሐኪም ቤት ሳትገባ አልቀረችም።»

ዘቢደር ማታ ከዳባት ተመልሳ በሰላም ተኛች። በማግስቱም ሥራዋ ላይ ነበረች። ድረስ ወይዘሮ ኤልሳቤጥን ፓርኩን ሊያሳያት ወጥቷል፤ ቢሮው ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከሥር የበቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ ከዚያ የሚጣደፍ እርምጃ ደረጃውን ወጣ።

ክንዴ በሩ ላይ ቆመ። ሳንቃ በር የእንግዳ መኪና እስኪመጣ ልጠብቅ አላለም፤ ጎህ ሲቀድ በአቋራጭ ተነስቶ በእግሩ መጥቷል። በቅሎዋን እየጎተተ እንጂ ተቀምጦባት አልነበረም፤ ልጁን የሚመልስባት መስሎት ሊያደክማት አልፈለገም። እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል። በትከሻው የጠበል ጀሪካን አንግቷል። ልጁን ሲያያት አንድ እርምጃ ወደ እሷ ገባ።

«አባዬ! ምነው? ምን ሆንህ?» ብላ ተነሳች።

«ታማለች አሉኝ... ሐኪም ቤት ናት አሉኝ... አቶ ያርጋል መምህሯ ነግሮናል ብሎ...»

ዘቢደር ወደ ሰይፈ ሥላሴ ዞረች። እሱ የኮምፒዩተሩን ቁልፎች ያያል። ምን ያህል ጊዜ እንዳየችው አያውቅም። ስለ እንግዳዋ ጠዋት ሰምታ ነበርና የትናንቱ ዳባት ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷታል።

«አዎ፣ አባዬ» አለች። «ትናንት አሞኝ ነበር። ተሻለኝ።»

ክንዴ መዳፉን ግንባሯ ላይ አኑሮ ብዙ ቆየ። ትኩሳት የለም። ጀሪካኑን አወረደና በመዳፉ ጠበል ቀድቶ አጠጣት፤ ፊቷንም አበሰላት። ከዚያ ወደ ሰይፈ ሥላሴ መጣ።

«እርስዎም ይቅመሱ፣ መምህር። ስለ ልጄ ተጨንቀው ዋሉ።»

ሰይፈ ሥላሴ ከወንበሩ ተነሳ። እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረም። ከዚያ ከሻከረ መዳፍ ጎንበስ ብሎ ጠጣ። በዕድሜው እንደዚያ ያለ የመረረ ውኃ ጠጥቶ አያውቅም።

ዘቢደር አባቷን ምሳ ልታበላ ይዛው ወጣች። ስትመለስ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተናገረችም። አመሻሽ ላይ ቦርሳዋን ስታነግት ብቻ «የዳባቱ ማሽን ምንም አልሆነ፣ ጋሼ» አለችው። «ገመዱ ወልቆ ነበር።»

ሰይፈ ሥላሴ በዚህ እንኳ ቀናባት። ሥራዋን አልፎ ለዝምታዋም ቀና። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱን ያውቀዋል።

ቅዳሜ ዳባት ወረደ። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ዓይናቸው ደክሟል፤ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው አጋድመው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ሲጨርስ ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ።

«የሺዋስን ታስታውሰዋለህ?» አሉ።

ያስታውሰዋል። ዛሬ በጎንደር ትልቅ ደብር ማኅሌቱን የሚመራ፣ የተመሰገነ መሪጌታ ነው። የአባቱ ተማሪ ነበር።

«እኔ ዘንድ ሲመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አንድ ጊዜ ያሰማሁትን አይረሳም። ድምፁን ስሰማ እኔ ዕድሜዬን የደከምሁበት ሁሉ ለእሱ መንገድ ለመጥረግ ይመስለኝ ጀመር። የጽጌውን አቋቋም ሳላስተምረው ዓመት አቆየሁት። እንጨት ልቀም፣ ድርቆሽ እጨድ፣ እገሌ ዘንድ ተላክ እያልሁ። ዓመቱን ቻለና ጎንደር ሄዶ ከሌላ መምህር ተማረው። ተመልሶ መጣ፤ ጉልበቴን ስሞ 'የእርስዎ ተማሪ ነኝ' አለኝ።»

«ታዲያ ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? መረቅሁት። ልጄ፣ ልዋሽህ አልፈልግም። ዛሬም ሲመራ ስሰማው ይቀናኛል። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ፤ አሁንም ይቀናኛል። ምክር ፍለጋ መጥተህ ከሆነ የለኝም።» መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። «ግን ያ በእግሩ የመጣው ሰውዬ... እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂድ። እኔ የሺዋስን ያቆየሁበትን ዓመት ለእናቱ አልነገርኋትም። ሞተችብኝ።»

ሰኞ ዕቃ በጫነ መኪና ሳንቃ በር ወጣ። ክንዴን ያገኘው የበቅሎዋን ኮርቻ ሲጠግን ነው። «መምህር! ምነው በሰላም? ልጄ...» ብሎ ደንግጦ ተነሳ።

«ደኅና ናት፣ ጋሽ ክንዴ። አልታመመችም። ያን ቀንም አልታመመችም ነበር።» የቀረውን ቁሞ ነገረው። ዳባት የላካት እንግዳዋ እንዳታያት እንደሆነ፣ ታማለች ያለውም እሱ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ያደረገው ሥራዋ ከሥራው ስለበለጠ እንደሆነ። «ቀንቼ ነው» አለ። ቃሉን ጮክ ብሎ ሲናገረው የመጀመሪያው ነው።

ክንዴ ኮርቻውን መሬት ላይ አኖረው። ሲናገር አንቱታው ጠፍቶ ነበር።

«ሃያ ዓመት እንግዳ ይዤ እዚህ ወጣሁ። ጭነቱን የማነሳው እኔ። ዝናቡ የሚመታው እኔን። ሲጨርሱ እጅ የሚነሱት አስጎብኚውን ነው፤ ፎቶ የሚነሱት ከሱ ጋር ነው። አልቀናሁም አልልህም። ግን የማንንም ልጅ ታማለች አላልሁም።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። መንገዱን ሁሉ ሬሳዋን ነው ያየሁ።» ወደ ገደሉ በኩል ዞረ። «ጠበሉን ከእጄ ጠጥተሃል አይደል?»

«ጠጥቻለሁ።»

«እንግዲህ የኔና ያንተ እዚህ ላይ ይብቃ። በሰው ፊት ያልኸውን ግን በሰው ፊት መልሰው። ልጄ ስሟን ይዛ ነው የምትሠራው።»

መለሰው። በማግስቱ የማኅበሩ ቤት ውስጥ፣ አቶ ያርጋልና ድረስ ባሉበት፣ ተነስቶ ገጹን ዘቢደር እንደሠራችውና አሟት እንዳልነበር ተናገረ። ድረስ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሲሰማ ቆየና ወጣ፤ ለአሥር ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገረውም። አቶ ያርጋል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሚስቴ ያንን ሁሉ አጥሚት ይዛ የተቆለፈ በር ስታንኳኳ ዋለች» አሉ። «እሷንም ይቅርታ ጠይቃት።» እሳቸውንም ጠየቃቸው። ለወይዘሮ ኤልሳቤጥም የደወለው ድረስ ሳይሆን እሱ ራሱ ነው። እሷም «ልጅቷን አገናኙኝ» ብቻ አለችው።

የቀረችው ዘቢደር ናት። ሰው ከቢሮ እስኪወጣ ጠብቆ «ቀንቼብሽ ነው» አላት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ኮምፒዩተሯን ወደሱ አዞረችው። ቢሮው ሥራውን የሚያስቀምጥበት ሰርቨር ማን፣ መቼ፣ ምን እንደከፈተ ይመዘግባል። መዝገቡን ከሁለት ዓመት በፊት ያስገባው ራሱ ሰይፈ ሥላሴ ነበር፤ ረስቶታል። ስሙ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፦ በየቀኑ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ የዘቢደር ፋይሎች።

«መጀመሪያ ፈራሁ» አለች። «በኋላ ጋሼ ነገ ያነቡታል እያልሁ መጻፍ ጀመርሁ። የሚነቅፉትን ቀድሜ አስተካክላለሁ። አንድ ቀን ነጠላ ሰረዝ ረስቼ ሌሊት ስነቃ ትዝ አለኝ፤ ጠዋት ስመጣ እርስዎ አርመውታል።»

«እያፏጨሁ» አለ።

«እያፏጩ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሰበሰበች። «ዳባት የላኩኝን እረሳዋለሁ። አባቴን ያስመጡትን ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ጋሼ።»

ጊዜም ፈለገ። የወይዘሮ ኤልሳቤጥን ሥራ ዘቢደር መርታ ሠራችው፤ ሰይፈ ሥላሴ በሥሯ ሆኖ የምትሰጠውን ሠራ። በየጠዋቱ ማንበቡን አልተወም፤ አሁን ግን ያየውን በቀይ ጽፎ ያኖርላታል፣ እሷም መልስ ትጽፍለታለች። ለየሺወርቅም እውነቱን ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ «ይኼ ነው? እኔኮ ሰው ወደድህ ብዬ ነበር» አለችና ወዲያው ፊቷን አጥቁራ «ግን ይኼኛው ይብሳል» አለችው።

በ2012 ዘቢደር የጅባራ ሦስተኛ ባለቤት ሆነች። ከዚያ ክፉ ዓመታት መጡ። ዓለምን ያዳረሰው በሽታ እንግዳውን አስቀረው፤ ጦርነቱ አስፋልቱን ባዶ አደረገው፤ ኔትወርኩም ለወራት ጠፋ። ድረስ የሚያነጋግረው ፈረንጅ አጥቶ የጤፍና የገብስ ነጋዴዎችን ማግባባት ያዘ። ዘቢደር ሥራ ባለበት ልሁን ብላ አዲስ አበባ ወርዳ፣ ጅባራን ከዚያ ሆና በደንበኛ መገበችው። ደባርቅ ያሉት ክፍሎች ሳይዘጉ የከረሙት በእሷ ነው፤ ሰይፈ ሥላሴ ይህን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ሲናገር ዛሬም ትንሽ ይቀናል። ክንዴ መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላም ይለዋል፤ «መምህር» ብሎ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርቶት አያውቅም።

ድረስ አምና የጅባራን ድረ ገጽ እናድስ አለ። «ስለ እኛ» በሚለው ገጽ የሦስቱም ስምና ፎቶ እንዲወጣ ተስማሙ። ሰይፈ ሥላሴ ሊሠራው ተቀመጠና ማንን ከላይ ላድርግ እያለ ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ የዘቢደርን አስቀድሞ ላከላት። ብዙም ሳይቆይ መልሱ መጣ። ቅደም ተከተሉን ገልብጣዋለች፤ ከሥሩም «መምህር ይቀድማል» ብላለች።

ስሙን ከላይ ሲያየው ደስ አለው። በዚህ ደስ መሰኘቱ አሳፈረው። ተነስቶ መስኮቱን ከፍቶ ተመለሰ፤ እንደገናም አየው። ከዚያ እንዳለ አጸደቀውና ምሳውን ሊበላ ወጣ።